ጤነኛ ቁጥር ሰባት

እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017

ይህ ደብተር የደንበኞቼ ልክ የሚጻፍበት ነው። ከፊት በኩል ወገብ፣ ደረት፣ እጅጌ አለ። ከዛሬ ጀምሮ ከኋላው ገልብጬ የራሴን ነገር ልጽፍበት ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጅባራ ውስጥ ቢያድግልኝን የማያውቅ ሰው ሱሪው ተቀድዶበት አያውቅም ማለት ነው።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ርሆቦት ጸሎት ቤቱ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ሰው ስትመዘግብ ዋለች። ርሆቦት የእህቴ የማናየሽ ልጅ ናት። አባቷ የሞተው በሦስት ዓመቷ ነው፤ ያሳደግናት እኔና እናቷ ነን። ባሕር ዳር በሕክምና ላቦራቶሪ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፣ የመመረቂያ ጥናቷን ግን አገሯ መጥታ ልትሠራ ነው። የእግራቸው ደም ቧንቧ የጠበበባቸው ሠላሳ በሽተኞች፣ ምንም የሌለባቸው ሠላሳ ጤነኞች ያስፈልጓታል። ጤነኞቹን ከጉባኤያችን ልታገኝ አሰበች።

"ስምዎ?" አለችኝ እየሳቀች።

"አላወቅሽኝም? የሽንት ጨርቅሽን በእጄ የሰፋሁልሽ ነኝ።"

"ጋሼ፣ ሰው ተሰልፏል። ዕድሜ?"

"አምሳ ስምንት። ሴት ከጠየቀችሽ አምሳ ሁለት በያት።"

ስኳር የለብኝም፣ ግፊት የለብኝም አልኳት። "ሲሄዱ ባትዎን ይዞ፣ ቆም ሲሉ የሚተው ሕመም አለ?" አለች።

"እኔን? የአዊ ፈረስ እኮ ነኝ!" ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ።

"ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?"

የጉባኤው ሽማግሌ ይሄነው ከአጠገቤ ቆሞ ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በዚያው ጸሎት ቤት መድረክ ላይ ወጥቼ መስክሬአለሁ። ሲያጨስ፣ ሲጠጣ የኖረው አሮጌው ሰው ነው፣ እሱ ሞቷል አልኩ። ሕዝቡ እልል አለ፤ ይሄነውም አቅፎኝ አለቀሰ። አሁን እሱ እየሰማ "አዎ" ብል ሬሳ መቀስቀስ አይሆንብኝም? "አላውቅም" አልኳት። መዋሸት አይመስለኝም። አዲሱን ሰው ብትጠይቀው የሚመልሰው ይህንኑ ነው።

ደሜን ወስዳ ቱቦው ላይ "ጤ-7" ብላ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ "ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጤነኛ ከየት አገኝ ነበር?" አለችኝ።

ይህችን እንዳልረሳት ነው ደብተር የጀመርኩት።


ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ለነጭ ጋውኗ ልለካት መጣች። የላቦራቶሪ ጋውን ከገበያ ይገዛል፤ እሷ ግን ጋሼ የሰፋውን ነው የምለብሰው ትላለች። ትከሻዋን እየለካሁ ደሜን ምን ታደርጊዋለሽ አልኳት። እንደ ልማዷ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ከእሷ ጋር አብሬ ተምሬ እዚህ ደርሻለሁ።

በኔ ቋንቋ እንዲህ ነው። በደማችን ውስጥ ፕሌትሌት የሚባሉ እንደ እራፊ ጨርቅ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ቧንቧው ደህና ከሆነ ማንንም ሳይነኩ ያልፋሉ። የቧንቧው ገበር ሲላጥ ቮን ዊልብራንድ የሚሉት ፕሮቲን እንደ መንጠቆ ይይዛቸዋል። ትሮምቢን የሚሉት ደግሞ ይቀሰቅሳቸዋል። ፋይብሪኖጅን ክሩ ነው፤ አንዱን እራፊ ከሌላው ያያይዛል። እጅ ሲቆረጥ ይህ ቆንጆ ስፌት ነው። ቧንቧው በታመመ ሰው ግን መንጠቆውም ክሩም ይበዛል፣ እራፊው በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ክፍት መሆን ያለበትን መንገድ ሰፍቶ ይዘጋዋል።

"ታዲያ ክሩ ስለበዛ ነው እራፊው የሚሰበሰበው፣ ወይስ እራፊው ተሰብስቦ ነው ክሩን የሚጠራው?" አልኳት።

አፏን ከፍታ አየችኝና ማስታወሻዋን አወጣች። "ጋሼ፣ ጥናቴ እኮ ይሄው ነው!"

ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ። ከሱቄ ኋላ ትንሽ ቆየሁ። ከጎረቤቴ ከሙደሲር ሱቅ ከረሜላ ገዛሁ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

መምህር ሀብቱ ከዳንግላ መጣ።

ሀብቱ የርሆቦት አባት ታላቅ ወንድም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሮ ጡረታ ወጣ። ልጅቷ ስታድግ በዓመት አንዴ ለእንቁጣጣሽ ደብዳቤ ይልክ ነበር፣ ያውም በቀይ እስክሪብቶ። አሁን የእግሩ ቧንቧ ጠብቦ ከበሽተኞቹ አንዱ ሊሆንላት መጥቷል። ጥናቱ እስኪያልቅ ማናየሽ ቤት ይቀመጣል።

መናኸሪያ ሄደን ተቀበልነው። ርሆቦት ሻንጣውን ቀማችው። እኔ ደግሞ እሷ የምትይዘውን ጃንጥላ ያዝኩ።

"አባባ፣ ቀስ ይበሉ" አለችው።

አባባ! እኔ ሃያ ሦስት ዓመት ጋሼ ነኝ፤ እሱ ከሚኒባስ እንደወረደ አባባ ሆነ። ማናየሽን ብነግራት "መልኩ የሟቹን ይመስላል፣ ምን ታድርግ?" አለችኝ። ፊት ተከራይቶ የመጣ ሰው!


ሐሙስ፣ ሰኔ 19

እራት ማናየሽ ቤት በላሁ። ከእራት በኋላ ርሆቦት ወለሉ ላይ ተንበርክካ የሀብቱን ካልሲ አወለቀች። ቁርጭምጭሚቱን በእጇ ይዛ፣ ቅባት ቀብታ እንደ እስክሪብቶ ያለ መሣሪያ አስጠጋችበት፤ ደሙ ሹው፣ ሹው ሲል ይሰማል። የቁርጭምጭሚቱን ግፊት ለክንዱ ግፊት ታካፍለዋለች። የጤነኛ ሰው ውጤት ወደ አንድ ይጠጋል፤ ከዜሮ ነጥብ ዘጠኝ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል።

"ዜሮ ነጥብ ስድሳ ስምንት" አለች።

"የፋይብሪኖጅን ውጤቴስ ከዚህ ጋር ይሄዳል?" አለ መምህሩ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ።

"አባባ፣ ልነግርዎት የምፈልገው ይሄንኑ ነው!" ብላ ወረቀት ዘረጋችለት። ግራፍ ነው። ለእኔ አላሳየችኝም።

"መምህር፣ ይህ ጥናት ፈተና አለው?" አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ደግሞም መስኮቱ ላይ ካለ ማሸጊያ አንድ ክኒን ዋጠ። ምንድን ነው አልኩ። ርሆቦት ሳትዞር "አስፒሪን ነው ጋሼ። ፕሌትሌቱን ያስተኛዋል" አለች። ሳትዞር። እጇ አሁንም የሰውየው ቁርጭምጭሚት ላይ ነበረ።

መታመም ብቻውን ይህን ያህል ያስከብራል?


ሰኞ፣ ሰኔ 23

ጥድፊያ። የምርቃት ጋውን ትዕዛዝ ገብቷል። መቀሱ ከጠረጴዛ ወድቆ የግራ እግሬን አውራ ጣት ጫረኝ። ትንሽ ነው።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 28

ለስፌት መኪናዬ ዲናሞ አስገጠምኩ። መርገጫውን በእግር መርገጥ አሮጌ ነገር ነው፣ ዘመኑ የመብራት ነው አልኩ። ማናየሽ "ሃያ ዓመት 'መብራት ሲጠፋ ምን ልትሆኑ ነው' እያልክ በሰፊዎቹ ሁሉ ስትሳለቅ አልነበር?" አለችኝ። ሰው ይሻሻላል።

ወደ እሷ ቤት ስሄድ እመንገዱ አጋማሽ ላይ የቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ማንበብ እወዳለሁ። የሁለት መቶ ፕላስቲክ ወንበር ጨረታ። ግንቦት 20 ተዘግቷል። ዛሬም አነበብኩት።

ማናየሽ ቤት ስደርስ ሀብቱና ርሆቦት እየሳቁ ነበር። ስገባ አቆሙ። ምን ያስቃል አልኩ። "የሥራ ነገር ነው ጋሼ፣ ይሰለችዎታል" አለች። እኔን! ክሩን የሰየምኩላትን ሰው!


ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ጤነኞቹም ቁርጭምጭሚታቸው ይለካል ተባለ። እስካሁን መሣሪያው ለበሽተኞቹ ብቻ ሲሠራ ነበር። ርሆቦት ቅዳሜ ይምጡ አለችኝ። ቅዳሜ ጋውን አስረክባለሁ አልኳት። እውነቴን ነው።

አውራ ጣቴ አልደረቀም። ዝናቡ ነው።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፍ። ማናየሽ ቤት በር ላይ ጫማዬን ጭቃ ስጠርግ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

"አባባ፣ ሰባተኛው አልገባኝም። ከጤነኞቹ ሁሉ እሱ ብቻ ተነጥሎ ይወጣል። ፋይብሪኖጅኑ ከርስዎ ይበልጣል፤ ፕሌትሌቱን ገና ስነካው ይሰበሰባል።"

"ሰውየውን ጠይቂዋ።"

"ምን ብዬ? አውቀዋለሁ። አያጨስም፣ አያመውም። እሱ አይዋሸኝም፤ ማሽኑ ነው የዋሸኝ። ወይ ቱቦውን አንቀጥቅጬው ይሆናል።"

"አማካሪሽስ ምን አለ?"

"አንድ ጤነኛ እንዲህ ከሆነ የሌሎቹንስ በምን አምናለሁ አለ።"

ስም አልጠራችም። ሕግ ነው፣ የሰው ውጤት በስም አይነገርም። እኔ ግን ቱቦዬ ላይ የተጻፈውን አይቻለሁ።

ጫማዬን በደንብ ጠረግሁና ሳልገባ ተመለስኩ። መጀመሪያ የታሰበኝ ምን እንደሆነ ልናገር? ከሀብቱ መብለጤ። "ከርስዎ ይበልጣል" አለችው። እንዲያ ያለ የማይረባ ሰው ነኝ።

ከሱቁ ኋላ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። ሙደሲር ከረሜላውን ሲያቀብለኝ "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ከረሜላህ አንድ ቀን ይገድልሃል" አለኝ።


ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ርሆቦት ሱቄ መጣች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። ጋሼ፣ ደም በድጋሚ ልወስድ ነው፣ ማሽኑን እያጣራሁ ስለሆነ አይስጉ አለችኝ። እኔ እንዳልሰጋ! ዓርብ ተባባልን። ቁርጭምጭሚቱንም ያን ቀን ትለካለች።

ከሄደች በኋላ አንድ ብልሃት መጣልኝ። መጥፎ አይደለም። ማንንም አይጎዳም።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

ሦስት ቀን ሦስት። ከማናየሽ መስኮት ላይ።


ዓርብ፣ ሐምሌ 18

ደሜን ሰጠሁ። "ባለፉት አሥር ቀናት አስፒሪን ወይም ሌላ ማስታገሻ ወስደዋል?" አለች፣ ከወረቀት እያነበበች።

"እኔና ክኒን? ልጄ፣ ከክኒን ይልቅ ቁልፍ ብውጥ ይቀለኛል።"

ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ ሳቀችልኝ። ለቁርጭምጭሚቱ መሣሪያውን ልታወጣ ስትል ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው ብዬ ጃኬቴን አነሳሁ። ከኋላዬ "ጋሼ! ሁለት ደቂቃ!" አለችኝ። የሄድኩት በፍጥነት ነው። ከሰሌዳው ስደርስ ግን ወንበሮቹን ሁለቴ አነበብኳቸው።


ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ያሰብኩት አልሆነም።

ፕሌትሌቱ እንደታቀደው ተኝቷል። ክሩ ግን ያው ነው፤ ፋይብሪኖጅኑም ቮን ዊልብራንዱም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አስፒሪን እራፊውን ያስተኛል እንጂ ክሩን አይጨርስም። ይህን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ማንን ልጠይቅ? እሷን?

ማናየሽ ነገረችኝ፣ እያለቀሰች። አማካሪው በስልክ እንዲህ አለ፦ አንድ ሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ በሽተኛም ጤነኛም ሊሆን አይችልም። ወይ ቱቦ አምታትተሻል፣ ወይ ከዚያ የባሰ አድርገሻል። እስከ ነሐሴ 5 ድረስ ምክንያቱን ካላሳወቅሽኝ በዚያ ማሽን የተሠራው ሁሉ ይጣላል። የስልሳ ሰው ደም ማለት ነው። ዓመቷም አብሮ ይሄዳል።

"ማታ ማታ ማሽኑን ታጥባለች" አለች ማናየሽ። "አንተ ብትጠራት ትስቅ ነበር። ቀልድህ የት ሄደ?"

ሀብቱ ግን አጠገቧ ነው። ሻይ ያቀርብላታል፣ ቁጥር ያነብላታል። እኔ ባደረስኩባት ነገር እሱ ያጽናናታል። ይህም ያናድደኛል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?


እሑድ፣ ሐምሌ 27

ጸሎት ቤት ሄድኩ። ይሄነው ስለ እውነት መናገር ሰበከ። በምን አወቀ? ከኋላ ተቀመጥኩ። ጣቴ ጫማ ውስጥ ይመታል፤ ጫፉ ጠቆር ብሏል። ጥፍሩ ሊወልቅ ይሆናል።


ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

መምህር ሀብቱ ሱቄ ድረስ መጣና "ቢያድግልኝ፣ ወደ ቤት ሸኘኝ" አለኝ። ካፍንጫው በላይ የሚያየኝ ሰው ሸኘኝ ሲል ምን ልበል? ወጣን። ቀስ ብለን ሄድን። እሱ ስለ ዝናቡ፣ እኔ ስለ ዝናቡ። ከሰሌዳው ስንደርስ እኔ ቆምኩ። እሱም ቆመ።

"የወንበሩ ጨረታ እንዴት ሆነ?" አለኝ።

"የቱ ጨረታ?"

"ግንቦት ላይ የተዘጋው። ስንት ጊዜ አነበብከው?"

ዓይኔን ወደ ወንበሮቹ ጨረታ መለስኩ።

"ዳንግላ የኔ ሰሌዳ የትምህርት ቤታችን በር ላይ ነበር" አለ። "የጠፋች ላም ማስታወቂያ። ሁለት ዓመት አነበብኳት። ላሟ ተገኝታ፣ ወልዳ፣ ጥጃዋም ሳትታለብ አልቀረችም። እኔ ግን አሁንም መልኳን እያጠናሁ ነበር። ባቴ እስኪለቀኝ።"

ሳልወድ ሳቄ መጣ። እሱ አልሳቀም።

"ከክኒኖቼ ሦስት ጎድለዋል።"

"ማናየሽ ቤት አይጥ አለ፣ መምህር።"

"ማሸጊያውን በጥፍሩ ከፍቶ፣ መልሶ የሚያጥፍ አይጥ። ሰፊ መሆን አለበት።" ወደ እኔ ዞረና "ልጅቷ በራሷ እጅ ላይ ፈርዳለች። እጇን ከፊቷ ዘርግታ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ስታይ አየኋት" አለኝ።

"ለምን አልነገሯትም ታዲያ? አባባ አይደሉ?"

ይህ ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወጣ። ሰውየው ፊቱን ወደ ሰሌዳው መለሰ።

"ወንድሜ ሲቀበር አልመጣሁም" አለ። "የፈተና ወረቀት ላርም ቀረሁ። አባባ የምትለኝ መልኬን አይታ ነው። ከዚያ በኋላ የምታወራኝ ሁሉ ያንተን ነው። ጋሼ እንዲህ አለ፣ ጋሼ እንዲህ ሰፋ። የጥናቷ መግቢያ ላይ ስለ ክርና ስለ እራፊ ያልከውን አስገብታዋለች። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ አንድ ተማሪ ያልኩትን እንዲህ አልያዘልኝም። እቀናብሃለሁ፣ አንተ ሰው።"

ወር ተኩል ያሳረረኝ ሰው በእኔ አርሯል።

"ከኔ ብትሰማው አንተን ታጣለች" አለ። "አንተ ንገራት። እስከ ነሐሴ 5።"

ከዚያ ቀድሞኝ ሄደ። በሽተኛው እሱ ነው፤ ቀድሞኝ ሄደ።


ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ሦስት ጊዜ ስልክ አነሳሁ። ሦስት ጊዜ "የጋውንሽ ቁልፍ ደህና ነው?" አልኳት።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

አሁን ሥራው ሁሉ አብቅቷል፤ በዝግታ ልጽፈው።

ጠዋት ርሆቦትን መዝገቡንና መሣሪያውን ይዘሽ ሱቄ ነይ አልኳት። መጣች። ጋውኑን ለብሳለች፤ በደንብ ተሰፍቷል። በሩን ዘጋሁና የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

"እንደገና ጠይቂኝ" አልኳት።

"ምኑን?"

"ሰኔ 8 የጠየቅሽኝን። ከመጀመሪያው።"

የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ ተወችው። መዝገቡን ገለጠች።

"ሲሄዱ ባትዎን ያምዎታል?"

"ከሰሌዳው በላይ መሄድ አልችልም። ከሁለት ዓመት ወዲህ።"

እስክሪብቶው ቆመ።

"ሲጋራ አጭሰው ያውቃሉ?"

"ሃያ ሁለት ዓመት።"

"መቼ አቆሙ?"

ሙደሲር ሱቅ የምገዛው ከረሜላ ለአፍ ጠረን ነው። ይህን ለደብተሬም አልነገርኩትም ነበር። "ዛሬ ጠዋት አንድ" አልኳት። "ከሱቁ ኋላ።"

"አስፒሪን?"

"ሦስት። የሀብቱን።"

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ትታኝ ልትወጣ ነው ብዬ ተነሳሁ። አልወጣችም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። የጋውኑ የጀርባ ስፌት ቀጥ ያለ ነው፤ የማየው እሱን ነበር።

"ማሽኑን ሦስት ጊዜ አጠብኩት" አለች። "መድኃኒቱን ቀየርኩ። ውሃውን ቀየርኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ እጄን ጠረጠርኩ። እርስዎን ብቻ አልጠረጠርኩም።"

"ጤነኛሽ መሆን ፈልጌ ነው" አልኳት።

"እኔ ጤነኛ አልፈለግሁም! ጤነኛ ከመንገድ ይገኛል!" ጮኸች። በሕይወቷ ጮኻብኝ አታውቅም። "እኔ እርስዎን ነው..." ብላ ተወችው።

ከዚያ መጥታ ወለሉ ላይ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ መሃል ተንበረከከች። ጫማዬን አወለቀች። ካልሲዬን አወለቀች። አውራ ጣቴን ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"ይሄ መቼ ነው?"

"ሰኔ 23። መቀስ ነው።"

"አርባ ቀን! ጋሼ፣ አርባ ቀን የማይድን ቁስል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ? ደም እየደረሰው አይደለም። ጣቱ እየሞተ ነው። ቀጥሎ እግሩ ነው።"

ቁርጭምጭሚቴን በእጇ ያዘች። ወር ተኩል የቀናሁበት እጅ ነው። ሀብቱን ስትይዝ ያየሁት፣ መታመም ይህን ያህል ያስከብራል ያልኩለት። እኔጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሀብቱን ስትይዝ አልተንቀጠቀጠም።

መሣሪያው ብዙ ፈልጎ፣ ሹው የሚለውን ድምፅ በጭንቅ አገኘ።

"ዜሮ ነጥብ ሃምሳ አራት" አለች። ጤ-7 የሚለውን ሰረዘችው። ከዚያ ለአማካሪዋ ደወለች፤ የሰባተኛው ሰው ምክንያት ተገኝቷል፣ ማሽኑ ልክ ነበር አለችው። ድምጿ የላቦራቶሪ ድምፅ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ነው ያለቀሰችው፤ ግንባሯን ጉልበቴ ላይ አድርጋ።

ነገ ጠዋት ባሕር ዳር እንሄዳለን። መንገድ ክፍት ነው ብለዋል።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ባሕር ዳር ስምንት ቀን ተኛሁ። ቧንቧውን በቀጭን ሽቦ ገብተው ከፈቱልኝ፣ ዋናውን መዘጊያ። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ብትዘገይ ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እግር እናወራ ነበር አለኝ። ጣቱ ይተርፋል ወይ አልኩ፤ እናያለን አለ። አስፒሪን አዘዘልኝ፣ አሁን በሕጋዊ መንገድ። ሲጋራ ግን አንድም። ዛሬ አሥረኛ ቀኔ ነው። ሙደሲር ባዶ እጄን ሲያይ "ከረሜላስ?" አለ። እሱም ቀረ አልኩት።

የርሆቦት ሥራ አልተጣለም። የእኔ ሁለት ውጤቶች ብቻ ወጥተዋል፤ ሠላሳኛ ጤነኛ ፍለጋ ላይ ናት። በሽተኛም ልታደርገኝ አልቻለችም፤ ክኒን ስለሰረቅሁ ከሁለቱም ዝርዝር ወጥቻለሁ። ታናግረኛለች። ታክመኛለች። እንደ ድሮ አትስቅልኝም። መድኃኒቴን መዋጤን ስትጠይቅ አፌን አስከፍታ ታያለች፤ ተገቢ ነው።

ዛሬ ሀብቱና እኔ ወደ ማናየሽ ቤት አብረን ወጣን። ሐኪሙ ተራመዱ፣ ሲያምም ቁሙ፣ ሲተው ቀጥሉ ብሎናል። እሱ ከእኔ አርባ እርምጃ አልፎ ነው የሚቆመው። ቆጥሬዋለሁ። በነሐሴ መጨረሻ እደርስበታለሁ።

ከሰሌዳው ስደርስ ባቴ ያዘኝ። የወንበሩ ማስታወቂያ ተነስቷል፤ ሰሌዳው ባዶ ነው። ቆምኩ። ይሄነው ሽማግሌው ከጸሎት ቤት በኩል ሲመጣ አየኝ።

"ወንድም ቢያድግልኝ፣ ባዶ ሰሌዳ ላይ ምን ታነባለህ?"

ቀልድ መጣልኝ። ጥሩ ቀልድ ነበር፣ ስለ ማይታይ ጽሑፍ። ምላሴ ላይ ደርሶ ተውኩት።

"አላነብም" አልኩት። "እግሬን አሞኝ ነው የቆምኩት። ሲጋራው ነው፣ ይሄነው፤ መስክሬ ከወረድኩ በኋላም አልተውኩትም ነበር።"

ዝናቡ ጀመረ። ይሄነው ጃንጥላውን ዘረጋና ባቴ እስኪለቀኝ አጠገቤ ቆመ።